ጥቁሩ ሳይክልና ሰማያዊው ሳይክል

ሳይክል መምረጥ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ፣ መንታ የሚመስሉ ሁለት ሳይክሎች ፊቱ ያቁሙለትና እንየው። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገዝቼ እሄድ ነበር። ጭራሽ ባይኖር ተሳድቤ እሄድ ነበር። ሁለት ሆኑና መቀመጫ አሳጡኝ።

ሱቁ ያለው ሰመራ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ነው። ያገለገለ ዕቃ ይሸጥበታል። ዕቃው በጅቡቲ በኩል በኮንቴይነር ይመጣል፤ ፍሪጅ፣ ቬንትሌተር፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የሕፃን ጋሪ። ፈረንጅ የሰለቸው ነገር ሁሉ እዚህ ሲደርስ እንደ አዲስ ይወደሳል። አንድ ጠዋት ከፍሪጆቹ መሃል ሁለት የውድድር ሳይክሎች ቆመው አየሁ። መሪያቸው ላይ ክርን የሚያርፍባቸው ትንንሽ ትራሶች አሏቸው። ነጂው ይደፋል፣ ክርኑን እዚያ ላይ ይጥላል፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ይበራል። ይህን ዓይነት ሳይክል ልጄ በስልኳ አሳይታኛለች። መዋኘት፣ ሳይክልና ሩጫ በአንድ ቀን፣ ሳያርፉ፤ ትራያትሎን ይሉታል። ጤነኛ ሰው የፈጠረው አይመስለኝም። ልጄ ግን ሌላ ነገር አይታያትም።

እኔ እዚያው ሰመራ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነኝ። ከደጋ የወረድኩት ለጥጥ ለቀማ ነበር። ከጥጥ ወደ ሸንኮራ፣ ከሸንኮራ ወደ በር ጠባቂነት። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ከቆጠረች በኋላ ነው፤ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ከባጃጅ ነጂና ከቤት ሠራተኛ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቤ። እሷ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። «አባዬ፣ ‹ሀ›ን አገኘሃት?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ የሳሙና ወረቀት ይሁን የመኪና ጀርባ።

ሚስቴና ልጄ የሚኖሩት አዋሽ ነው። ሚስቴ አውቶቡስ የሚቆምበት ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ልጄ መዋኘት የተማረችው በሸንኮራ እርሻው ቦይ ነው፤ እኔ ውሃ ስከፍትና ስዘጋ እሷ ገብታ ስትንቦጫረቅ። ሩጫ ማንም አላስተማራትም። ሳይክል ደግሞ ከሰው እየተዋሰች፣ አንድ ፍሬን ባለው፣ ኮርቻው በጨርቅ በታሰረ ነገር ነው የለመደችው። በዚያ ላይ ሆና ወንዶቹን ትቀድማለች። አንድ ክለብ ሴቶች ሊመርጥ መሆኑን ሰማች። ማጣሪያው ቢሾፍቱ ነው። ያለፈች ደሞዝ ይቆረጥላታል፣ ማደሪያ ይሰጣታል። ግን ሳይክሉን ይዛ መምጣት ያለባት ራሷ ናት።

ይህን የነገረችኝ በደስታ አልነበረም። «ሳይክል ከየት ይመጣል? ተወው» ብላ ነው የዘጋችው። እኔም ተውኩት። በሳምንቱ ሚስቴ ደወለች።

«ልብሷ ከሳጥን ጎድሏል» አለችኝ።

«የት ሄደ?»

«ቦርሳዋ ደላላው ቤት ነው ያለው። ሐሙስ ይነሳሉ አሉኝ።»

ደላላው የት እንደሚወስድ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እዚህ አስፋልት ዳር ቆሜ የማየው እሱን ነው። ከየአገሩ የመጡ ልጆች፣ የውሃ ላስቲክ በገመድ አንጠልጥለው፣ በዚህ ፀሐይ ወደ ጅቡቲ ይሄዳሉ። ከዚያ ባሕር፣ ከባሕሩ ወዲያ የመን፣ ከየመን ወዲያ ሳዑዲ። ሲሄዱ አያለሁ፤ ሲመለሱ ያየኋቸው ጥቂት ናቸው። የእኔም ልጅ ከነዚህ አንዷ ሆና፣ ጥበቃ ከምቆምበት በር ፊት ለፊት ልታልፍ ነው። ምናልባት አንገቷን አዙራ።

በማግስቱ ሱቁ ገባሁ። በሩ ላይ ባለው የላስቲክ ወንበር የሚቀመጡት ባለቤቱ የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ። ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል።

«ሐጂ፣ የትኛው ይሻላል?»

«ሁለቱም ጥሩ ነው፣ ወላሂ።»

«ሁለቱም ጥሩ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ይሻላል።»

«ስንት ልጅ አለህ?»

«አንድ።»

«ለዚህ ነዋ» አሉና መፋቂያቸውን ወደ ሌላኛው ጉንጫቸው አዞሩ።

ዋጋቸው እኩል ነበር። ያጠራቀምኩት ለአንዱ ይበቃል፤ ለስህተት አይበቃም። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። ተንበርክኬ የተጻፈባቸውን አነበብኩ። የፈረንጅ ፊደል አንድ ባንድ እየለቀምኩ ነው የማነበው፤ ላቤ እየተንጠባጠበ ለቀምኩት። ጥቁሩ ላይ ያለው ሰማያዊው ላይም አለ፤ ያው ስም፣ ያው ቁጥር። ይህን ሁሉ ዓመት ፊደል ያጠናሁት ለዚህ ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። በስንዝር ለካሁ፤ ቁመታቸው አንድ። ማርሻቸውን ቆጠርኩ፤ አንድ። በአንድ እጄ ብድግ ሳደርጋቸው ጥቁሩ ቀለል አለኝ። የጥቁሩ ቸርኬ ደግሞ ጠለቅ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው፤ የሰማያዊው ተራ ቸርኬ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰማያዊው ላይ ወጥቼ ክርኔን ትራሱ ላይ ጣልኩ። ወገቤ ጮኸ።

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። «ግመል እንደዚህ ስትንበረከክ ጭነት ይጫንባታል።»

ፎቶ አንስቼ ለልጄ ላክሁላት። ደላላ የሚባል ነገር ከአፌ አላወጣሁም። እሷም አላወጣችም። ወዲያው ደወለች።

«ጥቁሩ» አለች።

«ለምን?»

«ቸርኬውን እየዋ! እንደዚያ ያለ ጥልቅ ቸርኬ ንፋስ ይቆርጣል።»

«የሰመራን ንፋስ የሚቆርጥ ነገር ገና አልተፈጠረም።»

«አባዬ፣ የምትነዳው አንተ ነህ እኔ?»

«የምገዛው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ግዛና አንተው ንዳው» ብላ ዘጋችብኝ። በማን እንደወጣች አውቃለሁ።

ከሱቁ አጠገብ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አለ። ጠርቼው መጣ። የሁለቱንም ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነ።

«ሰማያዊው ካላማዳሪያ አለው፣ የውስጥ ላስቲክ» አለ። «ጥቁሩ የለውም። ጎማው ቸርኬው ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነው።»

«እሾህ ቢወጋውስ?»

«ሰማያዊውን ትለጥፋለህ። ጥቁሩን ታለቅሳለህ።»

ለልጄ ይህን ብነግራት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ አሸናፊዎቹ የሚነዱት እንደዚያ ያለ ነው ትለኛለች። እውነቷንም ነው። ቢሾፍቱ እሾህ ላይኖር ይችላል። አዋሽ ግን አለ። ያ ፕሮሶፒስ የሚሉት ቁጥቋጦ ሸለቆውን በሙሉ ወርሶታል፤ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል። ልምምዷ አዋሽ፣ ፈተናዋ ቢሾፍቱ። ለየትኛው ልግዛ? ለእሾሁ ብዬ ቀርፋፋውን ገዝቼ ብትወድቅስ? ለፍጥነቱ ብዬ ጥቁሩን ገዝቼ ገና አዋሽ ሳለች ጎማው ቢፈነዳስ? ያኔ ሐሙስ ሲደርስ የምትሄደው በእግሯ ነው።

ወጣሁ። ተመለስኩ። ደግሞ ወጣሁ። የመሥሪያ ቤቱን በር ከፍቼ ቆሜ፣ ዓይኔ እዚያ ሱቅ ላይ ነው። አንድ ሰው ወደ ሱቁ በገባ ቁጥር አንዱን ሊወስደው ነው እያልኩ ስንጠራራ ዋልኩ። አለቃዬ፣ «ምነው፣ ጉንዳን ላይ ነው የቆምከው?» አለኝ። እሱ ወንበር አለው።

ሦስተኛ ጊዜ ስገባ ወስኜ ነበር፤ ጥቁሩን። ልክ አፌን ስከፍት ከአሳይታ በኩል የመጣ አንድ ሰው ዱላውን እንደያዘ ገባ። ሐጂ እኔን ትተው ተነሱ፣ ተጨባበጡ፣ ጥላ ውስጥ ቁጭ አሉ። ዳጉ ጀመሩ።

እዚህ ምድር የኖረ ሰው ዳጉን ያውቃል። ሁለት አፋር ከተገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ወሬውም ሥርዓት አለው፤ ሰላሙ፣ ዝናቡ፣ ሣሩ፣ ከብቱ፣ በሽታው፣ የሞተው፣ መንገድ ላይ የታየው ሁሉ። ያየሁት ይህ ነው፣ የሰማሁት ያ ነው ተብሎ ተለይቶ ይነገራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማንም ወሬ አይነግረውም፤ በዚህ በረሃ ውሃው የት እንዳለ የሚነግርህ ከሌለ ሞተሃል ማለት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ታግሼ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ደገኞች ዳጉ ሲጀመር «በቃ እነዚህ አሁን አይነሱም» ብለን የምንሄድ ነን። ያን ዕለትም እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ከዚያ ወዴት ልሂድ? የምሄድበት አልነበረኝም። ፍሪጅ ተደግፌ ቆምኩ።

አፋርኛ ብዙ አልናገርም፤ ሲናገሩ ግን ይገባኛል። ሐጂ ስለ ዝናብ ተናገሩ፣ ስለ ፍየል ተናገሩ፣ ስለ አንድ ዘመዳቸው ሰርግ ተናገሩ። ከዚያ ስለ ሱቃቸው ተናገሩ። በጠዋት፣ እዚያው እኔ ፊት፣ ለአንዲት ሴትዮ «በረዶ ይሠራል፣ ወላሂ» ብለው ስላወደሱት ትልቁ ነጭ ፍሪጅ እንዲህ አሉ፤ ያ ነጩ ፍሪጅ ይጮሃል እንጂ አያቀዘቅዝም። እኔ የተደገፍኩት እሱን ነበር። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ሐጂም ቀጠሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኚህ ሰው ሻጭ ሆነው ሲናገሩ ሻጭ ናቸው። ዳጉ ላይ ግን አይዋሹም። እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የጠየቅኋቸው ሻጩን ነው።

ሰውየው ተሰናብቶ ሲወጣ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሐጂ፣ ዳጉ እንለዋወጥ።»

መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ገበያ ነው ወይስ ዳጉ?»

«ዳጉ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ። የቆመ ሰው ዳጉ የለውም።»

ተቀመጥኩ። መሬቱ ይፋጃል።

«መጪው ነው የሚጀምር» አሉ። «አንተ ነህ መጪ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነት ለማውጣት ነው እንጂ ለመስጠት አልመጣሁም። ያም ሆኖ ጀመርኩ። ሰላም ነው አልኩ። ዝናብ አላየሁም፤ ደጋ ዘንቧል ሲሉ ግን ሰምቻለሁ። ገበያው ሽንኩርት ጨምሯል፣ ያየሁት ነው። አዋሽ ያለች ሚስቴ ደህና ናት፣ የሰማሁት ነው። እየተናገርኩ ልነሳ ልነሳ ይለኛል። ሐጂ «እ… እ…» ይላሉ እንጂ ቃል አይጨምሩም። ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ክፉ ነው፤ ቀጥል ሳይልህ ትቀጥላለህ። በመጨረሻ አወጣሁት።

«ልጄ ሐሙስ በዚህ መንገድ ልታልፍ ነው። ወደ ባሕሩ። ቦርሳዋ ደላላ ቤት ነው። ይህ የሰማሁት ነው። ሳይክል ካገኘች ለክለብ ትፈተናለች፤ ልትቀርልኝ ትችላለች። ይህ ደግሞ የሰማሁትም ያየሁትም አይደለም፤ የምመኘው ነው። ሌላ የለኝም።»

«ሰማሁ» አሉ ሐጂ። ቀጥለውም የራሳቸውን ጀመሩ። እንደ ሥርዓቱ ከሰላም ጀመሩ። ከሚሌ ወዲያ ሣሩ ደርቋል፣ ያዩት። የአዋሽ ውሃ ቀንሷል፣ የሰሙት። አላቋረጥኩም። ጥርሴን ነክሼ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ የአክስታቸውን ልጅ ሕመም ሰማሁ። ከዚያ መጣ።

«ጥቁሩ ሳይክል ከኮንቴይነር ሲወርድ ከመኪና ላይ ወድቋል። ያየሁት ነው። የፊት ጎማውን ከሚያቅፉት ሁለት እግሮች አንዱ ተሰነጠቀ። ሎጊያ ጋራዥ ወስጄ ተሞላ፣ ተቀባ። ካርቦን ነው፤ አይበየድም። ብረት ቢሆን ይጎብጣል፤ ይህ ግን አንድ ቀን ሳይነግርህ ይሰበራል አሉኝ። የሰማሁት ነው። ሰማያዊው አልወደቀም። ከሁለቱ ቀርፋፋው እሱ ነው ይላሉ። የሰማሁት ነው።»

ያን ጊዜ ልነሳ ነበር። የምፈልገውን አገኘሁ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫኑ።

«ዳጉዬ አላለቀም። ስለ ልጅህ መንገድ ያየሁትን ልንገርህ።»

«አይንገሩኝ፣ ሐጂ።»

«አንተ ነግረኸኝ እኔ ልደብቅህ?»

ነገሩኝ። ከድንበሩ ወዲህ፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ባለበት ሜዳ፣ ባለፈው የሙቀት ወራት ግመላቸውን ሲፈልጉ አንዲት ልጅ አገኙ። ከሞተች ቆይታለች። የማን እንደሆነች፣ ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን አያውቁም። አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው። የውሃ ላስቲኳ በእጇ ነው። ድንጋይ ሰብስበው ቀበሯት፤ ዱዓ አደረጉላት። «ያየሁት ነው» አሉ። «በእጄ የነካሁት ነው። አሁን አለቀ።»

ከዚያ መፋቂያቸውን መልሰው ጎረሱና ሻጭ ሆኑ። «እና? የትኛውን?»

«ሰማያዊውን።»

«ጥሩ መርጠሃል፣ ወላሂ። ሁለቱም ጥሩ ነበሩ።»

በነጋታው ፈቃድ ተቀብዬ አዋሽ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሳይክሉን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በላዩ ላይ ለፀሐዩ ያረጠብኩት ጆንያ ደርቤ ጣራ ላይ አሳሰርኩት። ረዳቱ ገመዱን እየሳበ፣ «ጋሼ፣ ሬሳ ነው እንዴ?» አለኝ። «የአንተ አፍ ነው» አልኩት። ሳቀ። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርጄ ገመዱን ነካ ነካ አደርጋለሁ። ገዋኔ ላይ ሌላ ጆንያ አርጥቤ ወጣሁ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት፣ «ልጄ፣ አርፈህ ተቀመጥ እንጂ፣ እኔንም ነቀነቅኸኝ» አሉኝ። ቢያውቁ ኖሮ እሳቸውም አይቀመጡም ነበር።

ስደርስ ልጄ እናቷ የምትሠራበት ምግብ ቤት በር ላይ ቆማለች። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ሰማያዊ ወጣ።

«አወቅሁ» አለች። «እኔ ጥቁር ካልኩህ ሰማያዊ እንደምታመጣ አውቄ ነበር። ሰማያዊ ብልህ ጥቁሩን ታመጣው ነበር።»

«ተቀመጪ።»

«ለምን?»

«ዳጉ ልነግርሽ ነው።»

«ደሞ አፋር ሆነህ መጣህ?» አለች። ተቀመጠች ግን።

እንደ ሐጂ ነገርኳት። ያየሁትን ያየሁት አልኩ፣ የሰማሁትን የሰማሁት። ሰላሙን፣ ሣሩን፣ የሽንኩርቱን ገበያ። ዓይኗን አዞረች፤ አላቋረጠችኝም። የጥቁሩን ስንጥቅ ነገርኳት። ነጠላ ጫማዋ አንድ የሆነችውን ልጅ ነገርኳት። አልመከርኩም። አታልፊም፣ አትሄጂም አላልኩም፤ ዳጉ ውስጥ ምክር የለም። ስጨርስ «አሁን ያንቺ» አልኳት።

ሚስቴ ወጥ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

ልጄ ፔዳሉን በጣቷ አሽከረከረችው። «ቦርሳዬ ደላላው ጋ ነው» አለች። «የመዋኛ መነጽሬም እዚያ ውስጥ ነው።»

«መነጽር ለምን?»

«ለባሕሩ። ጀልባው ከተገለበጠ ብዬ።»

ሚስቴ ተመልሳ ወደ ውስጥ ገባች። የሸንኮራ ቦይ ውስጥ የለመደችውን ዋና ለዚህ አስባዋለች።

«የመሄጃው ቀን ሐሙስ ነው፤ ማጣሪያው እሑድ» አለች። «ሌላ የለኝም።»

አደርን። ሲነጋ ረቡዕ ነው፤ ሐሙስ ነገ። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ሳይክሉን ይዛ ስትወጣ ተከተልኳት። ከከተማው ወጣ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋ፣ አንዱ ወደ ጅቡቲ። የጅቡቲው ለጥ ያለ ነው፣ ለመንዳት የሚመች። ክርኗን ትራሱ ላይ ጣለች፣ ተደፋች፣ ሄደች። በየትኛው እንደሄደች መናገር አያስፈልግም። ሰማያዊው ቀርፋፋ ነው የተባለው ውሸት ሆነብኝ፤ ወዲያው ጠፋች።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። መኪና መጣ፤ ነዳጅ የጫነ ቦቴ፣ ከኋላው ሌላ። አንድ ሚኒባስ ሰው ጠቅጥቆ ወደዚያው አለፈ፤ መስኮቱን እያየሁ ፊት ቆጠርኩ። ደላላው ቀኑን ለወጠው እንዴ? ልጄ ሳይክሉን ወርውራ ገብታ ቢሆንስ? ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች። እሷ የለችም። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። ጥቁሩን ብገዛው ኖሮ ወድቃ ነው እል ነበር። ሰማያዊውን ገዝቼ ምን እላለሁ?

በመጨረሻ ከዚያ በኩል አንድ አፋር ግመሎቹን እየነዳ መጣ። ሮጥኩ። «ልጅ አይተሃል?» ብዬ ልጮህ ነበር፤ አፌን ያዝኩ። እንደዚያ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘውን መልስ አውቃለሁ፤ «ሁሉም ደህና» ነው የሚለኝ። ሰላምታ ሰጠሁት፣ እጁን ጨበጥኩ፣ ቁጭ አልኩ። ገረመውና እሱም ቁጭ አለ። በተሰበረ አፋርኛዬ የእኔን ነገርኩት፤ ሰላም፣ ዝናብ የለም፣ ከሰመራ መጣሁ። እሱ የራሱን ጀመረ። ሰላሙን። ሣሩን። አንዲት ግመል አንክሳለች። ወንዙ ዳር አዞ ፍየል ወስዷል፤ የሰማው ነው። አንዲት ሌላ ግመል ደግሞ ወልዳለች፤ እሷን በደንብ አብራራልኝ። አላቋረጥኩም። እንዲህ ዝም ብዬ አላውቅም።

«መንገድ ላይ ሰማያዊ ሳይክል አየሁ» አለ። «ሴት ናት። ጎማዋን ፈታ ትለጥፍ ነበር። እሾህ ነው። ያየሁት ነው።»

«ፊቷ ወዴት ነበር?»

አገጩን ወደ አዋሽ ቀሰረ። «ወደዚህ።»

ግመሎቹ ሄዱ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። አስፋልቱ ላይ ሙቀቱ ይንቀለቀላል፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ወጣ፣ ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ።

ደረሰችና ፍሬን ያዘች። እጇ ጥቁር በጥቁር ነው፤ ፊቷ ላይም ቅባት ነክቷታል። ከላይ ወደ ታች አየችኝ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው መቀመጥ የለመድከው?» አለችኝ። «ተነስ። ደላላው ጋ እንሂድ። ብቻዬን ከሄድኩ ቦርሳዬን አይሰጠኝም፤ መነጽሬ እሑድ ያስፈልገኛል።»

ተነሳሁ። ሳይክሉን ግን አልሰጠችኝም፤ ራሷ እየገፋች ሄደች።